የኋላው ግራ ጎማ

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ዛሬ ዋሸሁ። ትንሽ ውሸት ናት፤ ግን ቀኑን ሙሉ ስትከተለኝ ስለዋለች እዚህ ላስቀምጣት።

ጠዋት አዱኛ በራችንን አንኳኳ። አዱኛ እኛ ብሎክ ምድር ላይ ከእናቱ ከእማማ ዳርቱ ጋር የሚኖር ጎረቤታችን ነው። ለገጣፎ የገና በግ ገዝቷል፤ በመኪናዬ ሄደን እንድናመጣው ፈለገ። መኪናዋን ደግሞ ትናንት ወንበሯን ሳይቀር አሳጥቤያታለሁ። በጉ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት ሲያይ ታየኝ። «ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ ተበላሽታብኛለች። ጋራዥ ልወስዳት ነው» አልኩት።

«ውይ! ዋናው እሷ ትዳን» ብሎ ወረደ።

ከሰዓት ወርቄ ኮተቤ ማኅበር ነበረባት። ሚስቴ ደግሞ በማኅበር ቀን ታክሲ መሳፈርን እንደ ውርደት ነው የምታየው። ከግቢው ስንወጣ እማማ ዳርቱ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። መስኮቱን ከማውረድ በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ? ፊታቸው በራ። «እንኳን ተሻላት፣ ኢልማ ኮ!» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ የብሎካችንን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩት። አሽሙር ቢሆን ደስ ባለኝ። ከልባቸው ነው።

ወርቄ እስክንደርስ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች። ስትወርድ ብቻ፣ «ለበግ ብለህ» አለች።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

በጉ በባጃጅ መጥቶ ነበር። ዛሬ ታረደና እማማ ዳርቱ አንድ ጎድን ላኩልን። በላሁ። ጥሩ በግ ነበር።

ጥር 6

ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል። ደግሜ ስረግጠው ይመለሳል። ብርዱ ይሆናል።

የኋላው ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ረጥቧል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ቢጫ ነገር ነው። የግቢው ውሻ ጎማ ይወዳል። ለዘበኛው መናገር አለብኝ።

ጥር 9፣ ዓርብ

ለዘበኛው ነገርኩት። ውሻው ከገና ወዲህ ግቢው ውስጥ የለም አለኝ።

ከሥራ አስፈቅጄ በዳዳ ጋ ወሰድኳት። በዳዳ ከሰፈራችን ከመሪ ወረድ ብሎ ጋራዥ አለው፤ እኩያዬ ነው፤ ሲሠራም ሲያወራም እኩል ይጮኻል። ጎማውን ፈታና «ና እይ!» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያየሁት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ጥቁር ነገር በጥቁር ነገር ላይ ነው። ስለ ሲሊንደር አወራኝ፤ ጎሚኒ ስለሚላት ትንሽ ላስቲክ አወራኝ፤ እሷ ስትበላ ምን እንደሚሆን በእጁ እያሳየ አወራኝ። በየመሃሉ «ገባህ?» ይላል። «ገብቶኛል» እላለሁ። ሌሎች ደንበኞች ቆመው እየሰሙ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ የመኪና ቁልፍ ጣቴ ላይ እያሽከረከርኩ፣ አልገባኝም ልበል? ያውም አንደኛው ደንበኛ ወጣት ሴት ነበረች፤ እሷ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች።

ባጭሩ የፍሬን ዘይት ትንሽ ታፈሳለች። ሞላልኝ። ስመለስ ፔዳሉ ጥሩ ነበር።

ለወርቄ «ተሠራች» አልኳት።

ጥር 12፣ ሰኞ

የየካ ሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ስንመለስ አዱኛ ከሕዝቡ መሃል ክንዴን ያዘኝ። የልጁ የሶሬቲ ሠርግ ጥር 25 ነው። ፎቶው እንጦጦ ፓርክ ይሆናል፤ አጃቢ መኪና አንሷቸዋል። «ካልተቸገርክ ነው ታዲያ» አለ። ያቺ «ካልተቸገርክ» የበጉን ቀን አስታወሰችኝ። እሱ ለዚያ ብሎ እንዳላላት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

ምን ልበል? «ታፈሳለች» ብል የታኅሣሡን ቃል መድገሜ ነው። ተበላሽታለች ብሎ በዚያው ቀን ሚስቱን ጭኖ የወጣ ሰው ሁለተኛ ይታመናል? በግ አልጭንም ያለው ሰውዬ ሙሽራም አላጅብም አለ ሊባል ነው። እዚህ ብሎክ ላይ መኪና ያለው ሰው መኪናው የእሱ ብቻ አይደለችም፤ ምጥ ሲመጣ ይጠራል፣ ልቅሶ ሲሆን ይጠራል፣ ሠርግማ ሳይጠራም ይመጣል።

«ምን ጥያቄ አለው!» አልኩት። ያ አልበቃ ብሎኝ፣ «እሷ ባታጅብ ማን ሊያጅብ ነው?» ብዬ ጨመርኩበት። እማማ ዳርቱ እዚያው መንገድ ላይ መረቁኝ። ይሄ ብሎክ የቆመበት መሬት ድሮ የባቄላ ማሳቸው ነበር፤ ሰው ሲመርቁ አሁንም እንደ ባለቤት ነው።

ጥር 15፣ ሐሙስ

በዳዳ «ማታ ካርቶን ከሥሯ ዘርጋና ጠዋት እይ» ብሎኝ ነበር። ይህን ባለፈው አልጻፍኩትም። ዘረጋሁ። ጠዋት ካርቶኑ በኋላው ግራ ጎማ በኩል መዳፍ የሚያህል ረጥቧል። አጣጥፌ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትኩት። አዱኛ ከሩቅ ሰላም አለኝ። እጄን አነሳሁለት፤ ዘይቱ ጣቶቼ ላይ ነበር።

ረጅም መንገድ አትሂድባትም ብሎኝ ነበር መሰለኝ። ከመሪ እንጦጦ ረጅም የሚባል መንገድ አይደለም።

ጥር 19፣ ሰኞ

በዳዳ ደወለ። የሚቀየረው ዕቃ ከሳምንት በፊት አይደርስም፤ እስከዚያ እኔ ጋ አቁማት አለ።

«እሑድ እፈልጋታለሁ።»

«የት ልትሄድባት?»

«እዚሁ እዚሁ ነው።»

«ተክሌ፣ እኔ የሞላሁልህ ቀዳዳ ጀሪካን ነው። ገብቶሃል አይደል?»

«ገብቶኛል አልኩህ እኮ።»

ይህ ሰው ነገር ማካበድ ይወዳል። መካኒክ ካላስፈራራ ደንበኛ አያቆይም።

ጋራዥ ባቆማትስ? አዱኛ የት ሄደች ይላል። ተበላሽታ እላለሁ። እሱም «ውይ! ዋናው እሷ ትዳን» ይለኛል። ያንን ቃል ሁለተኛ መስማት አልችልም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን አመመኝ። ግራውን። ወርቄ፣ «ጉልበትህን መቼ ነው ያመመህ?» አለችኝ። ዛሬ ነው አልኳት።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ልጆቹ መኪናዋን በሪባንና በአበባ አስጊጠዋታል። እንደዚህ አምራ አታውቅም።

ቁልፉን ለሚልኬሳ ሰጠሁት። የአዱኛ የእህቱ ልጅ ነው፤ የሰው መኪና ይዞ በስልክ የሚጠሩትን ተሳፋሪዎች ያመላልሳል፤ ከእኔ የተሻለ ይነዳል። «ጉልበቴን አሞኛል፣ ነገ አንተ ንዳት» አልኩት።

«እርስዎስ ጋሼ?»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር በአውቶቡሱ እመጣለሁ።»

ቁልፉን ተቀብሎ፣ «ስለ መኪናዋ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሾፌር ነውና ይጠይቃል። «ምንም የለም፤ ከጋራዥ ከወጣች ብዙ አልቆየችም» አልኩት። ይሄ ውሸት አይደለም።

እኔ ራሴ ዘይቱን ገዝቼ ሞልቻለሁ። ከሞላሁ በኋላም ተመልሼ አየኋት። ሙሉ ናት። ሙሉ ናት።

ጥር 25፣ እሑድ

ሁሉም በሕይወት አሉ። ተመስገን። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ጥር 26፣ ሰኞ

እንደሆነው ልጻፈው።

ሽቅቡን ምንም አልሆነችም። ፓርኩ ውስጥ ነፋሱ የሶሬቲን ቬሎ ወደ ባህር ዛፎቹ እየወሰደ ሚዜዎቹን ሲያሯሩጥ ሁላችንም ስንስቅ ነበር። እማማ ዳርቱ ብርዱን አልቻሉትም፤ ገብተው መኪናዬ ውስጥ ጠበቁ። ስንወርድም እዚያው ጋቢና ተቀመጡ፤ ሁለት የሙሽራዋ አክስቶች ከኋላ። ሚልኬሳ ነዳ። እኔ የነበርኩበት አውቶቡስ ከኋላቸው ነው።

ስለዚህ ሁሉንም አየሁት። ቁልቁለቱ ሲጀምር የፍሬን መብራቷ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ልጁ እየደጋገመ ይረግጣል ማለት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየዘፈነ፣ እኔም እያጨበጨብኩ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ቀድሜ ማጨብጨብ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ የነበሩት አቶ አበራ፣ የእድራችን ዳኛ፣ «ምነው፣ አመመህ?» አሉኝ። ጉልበቴን አልኳቸው። ያኔ ሪባኗ እየተውለበለበ ፊቷ ያለውን መኪና አልፋ ሄደች።

ሚልኬሳ ማርሽ ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ከገደሉ በኩል ወደ ተራራው በኩል መለሳትና ከአፈሩ ጋር አጋጫት። ከዚህ የተሻለ ማንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። የእማማ ዳርቱ ቀኝ ክንድ ተሰብሯል። አክስቶቹ ትንሽ ተላትመዋል እንጂ ደህና ናቸው። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ በባዶ እግሯ ቁልቁለቱን ስትሮጥ አየኋት።

የአውቶቡሱ ሾፌር ወርዶ፣ «ፍሬን አቃጥሎ ነው። ቁልቁለት ላይ አብዝቶ ከያዙት ይግላል፣ ከዚያ አይዝም» አለ። ሰው ሁሉ ተቀበለው። ትራፊክ ፖሊሱ ወደ እኔ መጣና መኪናዋ ችግር ነበረባት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ከጋራዥ ከወጣች ብዙ አልቆየችም» አልኩ። ሚልኬሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል። አያቱን አኮ ነው የሚላቸው። «አኮን ልገድላት ነበር፣ አኮን ልገድላት ነበር» ይላል። ሄጄ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አልኩት።

ጥር 28፣ ረቡዕ

በዳዳ ደወለ። «ዕቃው ተገኝቷል፤ አምጣት!»

ተጋጭታለች አልኩት። የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ቁልቁለት እንዳትወርድባት፣ ሰው እንዳትጭንባት ብዬህ አልነበር?» ብሎ ጮኸ። አዎ፣ እንደዚያ ነበር ያለኝ። ጎማውን ፈትቶ ባሳየኝ ቀን፣ ገና ከጅምሩ። ከዚያ ሁሉ የሲሊንደርና የላስቲክ ወሬ ውስጥ ያቺን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም ነበር።

«እኔ አይደለሁም የነዳኋት» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዳዳ ሳይጮኽ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «ለነዳት ሰው ነግረኸው ነበር?» አለ።

መስመሩ ተቋረጠ።

መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ነው ያስወሰድኳት። ለጎተታት መኪና የሚቀርበው ያ ስለሆነ ነው።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሽማግሌ ተላከብኝ። እኔ ላይ!

ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ አበራ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አዱኛ፣ ከአዱኛ ኋላ አንገቱን የደፋ ሚልኬሳ። ከሁሉም በኋላ እማማ ዳርቱ፣ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ፣ በየደረጃው እያረፉ ይወጣሉ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብል እንቢ አሉ። አቶ አበራ ቆመው ተናገሩ።

«በደግነት ሰጠኸን፣ ሰባብረን መለስንልህ። ልጃችን አጥፍቷል። የአንተን ንብረት አጥፍቶ እኛ በአንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ አልቻልንም። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለን።»

ሚልኬሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም መጣ። እማማ ዳርቱ ከኋላው፣ «በግራው በኩል አይደለም! የሚያመውን እንዳትነካበት» አሉት።

እኔ ምን አልኩ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ይቅር አልኳቸው። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም፤ ቆሜ፣ እያየኋቸው፣ ይቅር አልኳቸው። አዱኛ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አቀፈኝ። ወርቄ ጓዳ እንደገባች አልወጣችም።

እስከ ደረጃው ድረስ እያነከስኩ ሸኘኋቸው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ደረጃው ላይ ሁለት ጎረቤቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሚልኬሳ የሚሠራባትን መኪና ለባለቤቷ መለሰ አሉ።»

«ለምን?»

«እጄ አይታመንም አለ። ቀን ከሌት አያቱ አጠገብ ነው፣ ልጁ እህልም አልቀመሰ።»

«ተክለብርሃን ግን ሰው ነው! አንድ ክፉ ቃል እንኳ አልወጣውም።»

እስኪያልፉ ድረስ ከግድግዳው ተጠግቼ ቆየሁ። ክፉ ቃል አልወጣኝም፤ እውነታቸውን ነው። እውነተኛውም ቃል አልወጣኝም።

ማታ ወርቄ ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የፍሬን ዘይቱን ጠርሙስ ክዳን አገኘች። አሸተተችው። እራት የምበላበት ሳህን አጠገብ አስቀመጠችውና ሄዳ ተኛች።

ክዳኑን አየዋለሁ። ትንሽ ቢጫ ክዳን ነች። የተሠራች መኪና ዘይት አትጨመርባትም። ይሄን ለመረዳትም መካኒክ መሆን አያስፈልጋትም።

የካቲት 7

ነገ።

የካቲት 8

እንግዳ ነበረባቸው። ነገ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ወረድኩ።

እማማ ዳርቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሚልኬሳ እግራቸው ሥር ዱካ ላይ ነው፤ እንዳየኝ ሊነሳ ሲል ተቀመጥ አልኩት። እማማ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። መኪናዋ ስለ መጠገኗ ልነግራቸው የመጣሁ መስሏቸው፣ «እንዴት ሆነች? ተሻላት?» ብለው ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። የረጠበውን ጎማ፣ ካርቶኑን፣ በዳዳ ምን ብሎ እንደነበር፣ ዘይቱን በእጄ ሞልቼ ቁልፉን እንደሰጠሁት። ፍሬኑን ሚልኬሳ እንዳላቃጠለው። ከአፌ ሲወጣ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር፤ ወዲያው አለቀ። በሚልኬሳ ፊት ላይ ታስሮ የሰነበተው ነገር ቀስ እያለ ሲላላ አየሁት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ጋሼ፣ እኔም አውቄ ነበር» አለ። «ገና ስንሄድ፣ መገናኛ ሳንደርስ ፔዳሉ ሲሰምጥ ተሰምቶኛል። ቆሜ ልደውልልዎት አስቤ ነበር። ከዚያ ግን፣ ሰው መኪናውን አስጊጦ ሰጥቶን እንከን ላውጣበት ወይ ብዬ አፈርኩ። ዝም ብዬ ነዳሁ።»

እማማ ዳርቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ እናንተ! አንዱ አፍሮ ሰጠ፣ አንዱ አፍሮ ነዳ። እኔን መሃል አስቀምጣችሁ!» አሉና ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ፤ ሚልኬሳም ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ ፈገግ አለ። «የመካኒክ ወሬ ለማን ይገባል? ይሄን ሲሊንደር ምናምን ነው የሚሉት። አልገባህም ነበር፤ አለቀ፣ ተወው አሁን» አሉኝ።

የማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። «አልገባኝም ነበር።» «አዎ» ብዬ መውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ።

በደህናው እጃቸው ከራስጌያቸው የቅቤ ብልቃጥ አወጡ። ለክንዳቸው የሚቀቡት ነው። በጣታቸው ቆንጥረው ግራ ጉልበቴ ላይ፣ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስበው፣ ማሸት ጀመሩ። እንቢ ለማለት ጊዜም አልሰጡኝ።

«አንተን እግዜር ያተረፈህ በዚች ነው» አሉ። «ባታምህ አንተ ነበርክ የምትነዳው። ማን ያውቃል፣ ይሄ ልጅ ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን ነው። አንተ ብትሆን አትመልሳትም ነበር። ይቺን ጉልበት ማመስገን ነው፣ ኢልማ ኮ።»

እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ጉልበቴን አላመመኝም ነበር።»

ወዲያው አልገባቸውም። ማሸታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ እጃቸው ቀስ አለ፤ ከዚያ ቆመ። ሚልኬሳ ቀና ብሎ አየኝ፤ ስለ ዘይቱ ስነግረው እንደዚህ አላየኝም ነበር።

እማማ ዳርቱ እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አነሱ። ቅቤውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ብልቃጡን ከደኑት።

«ደህና ከሆነስ ደረጃው አያቅትህም» አሉኝ። ኢልማ ኮ አላሉኝም።

ሱሪዬን መልሼ ተነሳሁ። ደረጃውን ሳላነክስ ወጣሁ።